«ደቻቱን ለመሣል ሐረር መሄድ ምን ይሉታል?»

ጥያቄ፦

እህቴ ጤና ይስጥልኝ። የድሬ ልጅ ነኝና «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። እኛ ጋ አንቱታ ብዙም አይበረክትም።

28 ዓመቴ ነው። ጠዋት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ከሰዓት ታፔላ እጽፋለሁ። የሱቅ፣ የጋራዥ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የመጣውን ሁሉ። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማታ ማታ ግን ለራሴ እሥላለሁ።

ከሁለት ወር በፊት ጓደኛዬ ገፋፍታኝ ለአንድ የአርቲስቶች ሬዚደንሲ አመለከትኩ። ቦታው ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ አሮጌ የሐረሪ ቤት ነው። ስድስት ሳምንት ነው፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ። አለፍሽ አሉኝ። ወላሂ ኢሜይሉን አራት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አንድ ቀራጺ ከአዲስ አበባ፣ አንዲት ፎቶ አንሺ ከናይሮቢ፣ አንድ ድምፅ የሚቀዳ ፈረንሳዊ እና እኔ ነን። መኝታ ለየብቻ ነው፤ ወጥ ቤትና ስቱዲዮ የጋራ። በየሳምንቱ ትንሽ የኪስ ገንዘብ አለ። መጨረሻ ላይ ስቱዲዮው ለሕዝብ ይከፈታል። እያንዳንዳችንም አንድ ሥራ ለቤቱ ትተን እንሄዳለን።

ያመለከትኩበት ሐሳብ በ1998 ዓ.ም. እዚህ ድሬ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የወሰዳቸውን የቤት ዕቃዎች መሣል ነው። ያኔ ደቻቱ ዳር ነበር የምንኖረው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሲንጀሯን ጎርፉ ወሰደው፤ እኛ ተረፍን። አሁን ሳቢያን ነን። እማዬ ከዚያ ወዲህ የልብስ መኪና ላይ አልተቀመጠችም። ስለዚያ ሌሊት ሲነሳም ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

አሁን ችግሬን ልንገርሽ። እማዬ ስኳር አለባት። ታናሽ ወንድሜ ቤት ውስጥ አለ፤ ግን ወንድ ልጅ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ሬዚደንሲውን ስነግራት «ሰው ሥዕል ለመሣል ከቤቱ ይወጣል እንዴ?» አለችኝ። እጮኛዬ ደግሞ «ሐረር እኮ ናት፤ ጠዋት ሄደሽ ማታ ተመለሺ፤ ማደሩ ምን ያደርግልሻል?» ይላል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያለ ደሞዝ ፈቃድ ስጠይቀው «እናያለን» ብሎኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉም የፈራሁት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ምን ይሠራል? ሰው እንዴት ነው የሚውለው? ሌሎቹ የተማሩ ናቸው። እንግሊዝኛዬ ሰባራ ነው። እዚያ ሄጄ እጄ ቢደርቅስ? ደግሞስ ደቻቱን ለመሣል ሐረር መሄድ ምን ይሉታል? ልሂድ ወይስ ልቅር?

ታፔላ ጸሐፊዋ፣ ከሳቢያን


መልስ፦

የሳቢያኗ እህቴ፣

አንቺ በይኝ አቦ። አንቱ ስባል ያረጀሁ ይመስለኛል።

ጥያቄዎችሽን በደብዳቤሽ ቅደም ተከተል አልመልስም። አንቺ በሁለት መስመር ነክተሽ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ «ስድስት ሳምንት ሙሉ ምን ይሠራል?» ያልሽውን እንያዘው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሠራም።

እኔ ከዓመታት በፊት ለመጻፍ ብዬ ውጭ አገር አንድ ሬዚደንሲ ተቀምጬ ነበር። እንዳንቺው ስድስት ሳምንት። አምስት ባዶ ደብተር ይዤ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያውን ዘጠኝ ቀን ምን ስሠራ እንደቆየሁ ልንገርሽ? ተኛሁ። ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። በመስኮት አንዲት ድመት ሳይ ዋልኩ። በአሥረኛው ቀን አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ በአሥራ አንደኛው ቀደድኩት። አጠገቤ የነበረች አንዲት ሠዓሊ በሦስተኛው ቀን ግድግዳዋን በሙሉ በስኬች ሸፍና አየሁ። ያን ቀን ሻንጣዬን ሸክፌ ልሄድ ትንሽ ነው የቀረኝ። በኋላ ስንግባባ ምስጢሩን ነገረችኝ። ስኬቾቹን ከቤቷ ሠርታ ነው ይዛ የመጣችው። ባዶው ግድግዳ አስፈርቷት።

ስለዚህ «እጄ ቢደርቅስ?» ላልሽው፣ ይደርቃል። ሳትደነግጪ ጠብቂው። አንቺ እስከ ዛሬ ቀንሽ የሰው ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት ደወል አለ። ከሰዓት «ታፔላዬ አልደረሰም ወይ?» የሚል ባለሱቅ አለ። ማታ የእናትሽ መድኃኒት አለ። ሥዕልሽ ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ፍርፋሪ ሰዓት ሲበላ ነው የኖረው። እንዲህ የኖረ ሰው ቀኑ በሙሉ ድንገት የሱ ሲሆን ግራ ይገባዋል። ደንዝዞ ይቀመጣል። ስንፍና አይደለም።

አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ማክዶዌል የሚባል የታወቀ ሬዚደንሲ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ አርቲስቶችን ያስተናግዳል። እዚያ ምሳ በቅርጫት አድርገው የስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ያስቀምጡና ዝም ብለው ይሄዳሉ። አያንኳኩም፤ የሚሠራ ሰው እንዳይረበሽ። ለእናትሽ ይህን ብትነግሪያት «ምን የጎደለው ነው!» እንደምትል እገምታለሁ። እኛ እንግዳ ቤት ሲመጣ ብቻውን አንተወውም። ግን ሬዚደንሲ ሲባል የነገሩ አንኳር ይኼው ነው፤ ማንም የማይጠራሽ ቀን ይሰጡሻል። ለእኛ ለምሥራቆቹም ያን ያህል ባዳ አይደለም። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት ዞማ የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል አርቲስቶችን እያስቀመጠ ሲያሠራ አንዱ ቦታው እዚሁ ድሬዳዋ አጠገብ ያለችው ሐርላ ነበረች።

አንድ ነገር ግን ልምከርሽ። የታፔላ ብሩሽሽን ይዘሽ ሂጂ። በየጠዋቱ ከቁርስ በኋላ፣ ሌላ ምንም ከማድረግሽ በፊት፣ አንድ ቃል ጻፊ። ትላንት መንገድ ላይ የሰማሽውን፣ የሚኒባስ ረዳቱ የጮኸውን፣ የፈለግሽውን። እጅሽ ሲያውቀው የኖረውን ሥራ ሲሠራ ልብሽም ይረጋጋል። ለተቀረው ቀን አትጨነቂ።

«የተማሩ ናቸው» ያልሽውን በአጭሩ ልለፈው። መራጮቹ ዲፕሎማ ቢፈልጉ ኖሮ ዲፕሎማ ይጠይቁሽ ነበር። ያዩት ሥራሽን ነው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሚጥል እጅ አለሽ። ትምህርት ቤት ገብተው ይህን ሳያገኙት የወጡ ሰዎች አውቃለሁ።

እንግሊዝኛውም ቢሆን ከአራታችሁ መካከል አፉን የፈታበት ሰው ላይኖር ይችላል። ኩሬተር (የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ) ወይ እንግዳ መጥቶ «ሥራሽ ስለ ምንድን ነው?» ማለቱ ግን አይቀርም። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተሽ ጠብቂው። ጎርፍ መጣ። ዕቃችንን ወሰደ። እኔ ዕቃውን እሥላለሁ። በቃ። ይህን ከሰማ በኋላ ዝም ማለት ያለበት እሱ ነው።

ፈረንሳዊው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ያገሩ ገጣሚ ራምቦ ቤት እንሂድ ይላል፤ እወራረዳለሁ። ሂጂ፣ ቤቱ ያምራል፣ ከላይ ከተማው ይታያል። ቤቱ ግን ገጣሚው የኖረበት እንዳልሆነ ነው የሚነገረው። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባም ግጥም ከተወ ቆይቶ ነበር። ቡናና ቆዳ ነው ሲነግድ የኖረው። እና ሐረር ተቀምጦ ሥራ እምቢ ያለው የመጀመሪያው ሰው አንቺ አትሆኚም።

አሁን ወደ ኑሮው እንግባ። ሬዚደንሲ ውስጥ ሰው በሥነ ጥበብ አይጣላም። የሚጣላው በድስት ነው። ማን አጠበ፣ ማን ቡናዬን ጨረሰ፣ ማን ውኃውን አባከነ። ሐረር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። የናይሮቢዋ ልጅ ይህን ላታውቅ ትችላለች። በመጀመሪያው ማታ አራታችሁ ተቀመጡ። ጀሪካኑን ማን ይሞላል፣ ምግብ በጋራ ነው በየግል፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ተነጋገሩ። ደግሞ አንድ ነገር አስቤ ሳቄ መጣ። ቀራጺው መዶሻ ይመታል፤ ድምፅ ቀጂው ጸጥታ ይፈልጋል። ስቱዲዮው አንድ ነው። የጸጥታ ሰዓት በዚያው ማታ ካልወሰናችሁ በሦስተኛው ቀን ጠቡን አንቺው ትሸመግያለሽ፤ ሥዕልሽም እዚያ ላይ ይቀራል።

ሴት ነሽና ይህንንም ልጨምር። የመኝታሽ በር ከውስጥ ይቆለፋል ወይ ብለሽ ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። ማታ አርፍደሽ ስትመለሺ ማን በር ይከፍትልሻል? ቤቱ ውስጥ የሚያድር ኃላፊ አለ? እነዚህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ደህና ቦታ ከሆነ መልሱ ቶሎ ይመጣል።

ወፍራም ሹራብና ብርድ ልብስ ያዢ። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የኅዳር ሌሊቷ ለድሬ ልጅ ቀልድ አይደለም። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ብትሰሚም አትደንግጪ፤ እዚያ ጅብ እንደ ጎረቤት ነው።

ስለ ቀለም። በዘይት ቀለም የምትሥዪ ከሆነ ጊዜሽን ቁጠሪ። ወፈር ተደርጎ የተቀባ የዘይት ቀለም እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል። በስድስተኛው ሳምንት የጀመርሽውን እርጥቡን በሚኒባስ ይዘሽ የደንገጎን ቁልቁለት ልትወርጂ አትችዪም። ወይ በአክሬሊክ ሥሪ፣ ወይ የዘይቱን ሥራ በአራተኛው ሳምንት ጨርሺ። የታፔላሽን የብረት ቀለም ከወሰድሽ ክፍል ውስጥ አትክፈቺው፤ ወደ ግቢው አውጪው። የአሮጌ ሐረሪ ቤት መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ትነቱ መውጫ የለውም። ትልቅ ሸራ ከመወጠርሽም በፊት በሩን ለኪ። የጀጎል መንገዶች አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ውስጥ ተሠርቶ መውጫ ያጣ ሥዕል አይቻለሁ። በኋላ ፈትተው ጠቅልለው ነው ያወጡት። እንዲያ ካደረግሽም ቀለሙ ወደ ውጭ እንዲሆን ጠቅልዪ፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ነገር አደራ። የኪስ ገንዘቡ የሚከፈለው ስትገቢ ነው ወይስ ስትወጪ? የቀለምና የሸራ ወጪ የማን ነው? እኔን ያስተናገደኝ ቦታ እሰጥሻለሁ ያለኝን አበል የሰጠኝ ቤቴ ከገባሁ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ በብድር ነው የበላሁት። ኢሜይል ጽፈሽ በጽሑፍ መልስ ተቀበዪ። «አንድ ሥራ ትተሽ ትሄጃለሽ» የሚለው የሚያስደነግጥ አይደለም። እንዲህ የሚጠይቁ አሉ፣ የማይጠይቁም አሉ። ጥያቄው የሚተወውን ሥራ የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው። እነሱ ሊሸጡት ይችላሉ? ፎቶውን የትም ያወጡታል? የምትመርጪው አንቺ መሆንሽን አስጽፊ። ለምን እንዲህ እንደምጠብቅ ወደ በኋላ ታዪዋለሽ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ «እናያለን» መልስ አይደለም። አዘጋጆቹ ማህተም ያለው የግብዣ ደብዳቤ እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ያንን አያይዘሽ ማመልከቻ አስገቢ። ክፍለ ጊዜሽን የሚሸፍን ሰው ራስሽ ፈልገሽ ስሙን ጻፊ። ኃላፊዎች የሚፈሩት ባዶ ክፍል ነው፤ እሱን ካነሳሽላቸው ግማሹ ችግር አለቀ።

እጮኛሽ ላይ ብዙ አልቆይም። «ማደሩ ምን ያደርግልሻል?» ማለቱ ክፋት አይመስለኝም፤ ነገሩን ባለማወቅ ነው። ግን ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ አይሆንም። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ያንቺም ፈተና ቅርበቱ ነው። ሥራ እምቢ ባለሽ ማታ የናይሮቢዋ ልጅ የምትሸሽበት የላትም። አንቺ ግን ሚኒባስ አለሽ። አወዳይን፣ ሐረማያን፣ አዴሌን አልፈሽ በሰዓት ተኩል ውስጥ እናትሽ ሶፋ ላይ ነሽ። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ከራስሽ ጋር ተዋዋዪ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ቤት ትሄጃለሽ፤ ሕመም ካልመጣ በቀር። እሱ ሊያይሽ ከፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ሐረር ይምጣ። ፈጢራ ብሉ፣ ዙሩ፣ ከዚያ ይመለስ። ስድስት ሳምንት ለሚወድ ሰው ረጅም አይደለም። እሱ ምን እንደሚሰማውም ጠይቂው። ቅር ያለው ማደርሽ ነው ወይስ ሳያማክሩት መወሰኑ? ሁለቱ ይለያያሉ።

የእናትሽ ስኳር ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። መድኃኒቷ ክኒን ነው መርፌ? ክኒን ከሆነ የሳምንቱን በቀን በቀን ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። መርፌ ከሆነ ወንድምሽ ከአሁኑ ይማር፤ «ወንድ ልጅ ነው» ብለሽ አትለፊው። ስኳሯ ሲወርድ ምን እንደምታሳይ፣ ያኔ ምን እንደሚሰጣት እሱም ጎረቤትም ይወቁ። ከመሄድሽ በፊት የክትትል ቀጠሮዋን አብረሻት ሂጂና ስድስቱን ሳምንት ለሐኪሟ ንገሪ። ማታ ማታ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ደውዪላት። ቀን ሙሉ እየደወልሽ «በላሽ ወይ?» ካልሽ ግን አንቺም አልሄድሽም፣ እሷም አላረፈችም።

እንግዲህ ያቆየሁት ነገር።

እናትሽ ምን ልትሥዪ እንደምትሄጂ ታውቃለች?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ይህን አላገኘሁም። ሬዚደንሲ እንዳለፍሽ ነግረሻታል። ሐረር እንደሆነ ነግረሻታል። ሲንጀሩን እንደምትሥዪ ግን የነገርሻት አይመስለኝም። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ግን፣ የፈራሽው ባዶውን ስቱዲዮ ብቻ ነው? ወይስ መጨረሻ ላይ በሩ ለሕዝብ ሲከፈት እናትሽ ገብታ የምታየውን?

ያ ሌሊት ያንቺም ነው። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ጨለማው ውስጥ አብረሻት ነበርሽ። ከ200 በላይ ሰው የሞተበት ጎርፍ ነው። የራስሽን ትዝታ ለመሣል ፈቃድ አያስፈልግሽም። ቦርሳሽን፣ ጫማሽን፣ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ያየሽውን ሁሉ ሣዪ። ሲንጀሩ ግን እጇ የነበረበት ነው። እንጀራዋ ነበር። እሷ ስለሱ ዝም ለማለት መርጣለች፤ ዝምታዋም የሷ ነው። እዚህ ላይ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው ብዬ አልፈርድልሽም።

ግን ሳትነግሪያት አትሂጂ። አንድ ቅዳሜ፣ ቡና ላይ፣ ወንድምሽ በሌለበት ንገሪያት። ፈቃድ እንደምትጠይቂ ሳይሆን እንደምታጫውቻት። «እማዬ፣ ጎርፉ የወሰደብንን ዕቃ ነው የምሥለው፤ ሲንጀርሽን ልሥል ወይስ ልተወው?» በያት። ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ከገባች ተከትለሽ አትግቢ። በሌላ ቀን ራሷ ልታነሳው ትችላለች። «ተዪው» ካለችሽ ተዪው። ስድስት ሳምንት የሚሞላ ሌላ ዕቃ ጎርፉ ወስዶባችኋል። «ሣዪው» ካለች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፤ ምን ይመስል ነበር? ቀለሙ የት ጋ ተልጦ ነበር? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን አታስታውስም፤ እሷ ግን በጨለማ ታውቀዋለች። ዛሬም ሌሊት የሚያባንናት ከሆነ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያንቀጠቅጣት ከሆነ፣ በዚያው የስኳር ቀጠሮዋ ላይ ለሐኪሟ አንሺላት። አንቺም ብትሆኚ ብቻሽን ማታ ይህን ስትሥዪ ውሎሽ ሊከብድ ይችላል። የምትደውዪለት አንድ ሰው ይኑርሽ። ያቺ እንድታመለክቺ የገፋፋችሽ ጓደኛሽ ጥሩ ትመስለኛለች።

የሚተወውን ሥራ የምትመርጪው አንቺ ሁኚ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ሲንጀሩ ከተሣለ የማንም ግድግዳ ላይ አይቅር።

ደቻቱን ለመሣል ሐረር መሄድ ምን ይሉታል ላልሽው፣ እኔ ጥሩ ይሉታል ባይ ነኝ። ድሬ ላይ ደቻቱን በየቀኑ ትሻገሪዋለሽ። በጋ ላይ አሸዋ ነው፣ ገበያ ነው፣ መንገድ ነው። አታዪውም። ራቅ ስትዪ ይመጣል። በዚያ ላይ የምታድሪበትን ቤት ልብ በዪው። የሐረሪ ቤት ነደባው፣ ማለት መቀመጫ መደቡ፣ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ስፌቱና ሳህኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ቦታ አለው። መደቡና ወለሉ ቀይ የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ሐዘናቸውን እየቀቡ፣ እላዩ ላይ እየተቀመጡ፣ ቡና እየጠጡ ኖረዋል። የጠፋ ዕቃ የምትሥል ልጅ ዕቃ ሁሉ ቦታ ባለው ቤት ውስጥ ስድስት ሳምንት ብታድር የምታየው ነገር ያለ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት እጅሽ ሲደርቅ ተቀምጠሽ ያንን ግድግዳ እዪ።

እና አዎ፣ ሂጂ ባይ ነኝ። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ፣ ወይ የእናትሽ ስኳር ካልተስተካከለ፣ አዘጋጆቹን በሚቀጥለው ዙር እንዲቀበሉሽ ጠይቂያቸው። ብዙ ቦታ ይህን ይፈቅዳሉ። ፈራሁ ብለሽ ግን አትቅሪ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የምትወስደውን መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ ታውቂያታለሽ። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ይሰፉባታል፤ ስሟንም ያገኘችው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እናትሽ ስቱዲዮው በሚከፈትበት ቀን እመጣለሁ ካለች፣ በዚያ በኩል ታሳልፊያት ወይስ በሌላ መንገድ ትወስጃት? እኔ አላውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ያዢላት፤ የደንገጎ ጥምዝምዝ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ሆድ አይመችም። መኪና ግርግር ጫፍ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ቆም በዪና እሷን ጠይቂያት።